ካርዱ ላይ የተጻፈው የቆጮ ዋጋ

ትክክለኛውን ዋጋ ተናግሬ ተሳስተሃል ተባልኩ። በደሉ ይኼው ነው።

በቅርቡ ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ ያ የቴሌቪዥን የዋጋ ግምት ውድድር ከስንት ዘመን በኋላ ተመልሶ አየሁት። መድረኩ ያብረቀርቃል፤ ተመልካቹም ከቤቱ በስልክ ይገምታል። ሻዬ ቀዘቀዘ።

ያኔ ጎረምሳ ነበርኩ፣ ዲላ ገበያ ተሸካሚ። ከገደብ፣ ከጨለለቅቱ የሚመጣ ጭነት በጀርባዬ ያልፋል። ተሸካሚ ዋጋ ያውቃል፤ ገዢና ሻጭ የሚከራከሩት ጆሮው ሥር ነው። ፊደል ግን አልቆጠርኩም። ውድድሩ ዲላ የመጣው ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ መንገዱ ገና ጭቃ ሳለ ነው። የምሸከምላቸው ነጋዴ ሐጂ ሰይድ፣ "ውጣ እንጂ፣ ካንተ በላይ ገበያ የሚያውቅ ማን አለ?" ብለው ገፉኝ።

መድረኩ ላይ በኮባ የተጠቀለለ ቆጮ አስቀመጡ። በዓይኔ መዘንኩት።

"አሥራ ሁለት ብር።"

ከአዲስ አበባ የመጣው ዘናጭ አቅራቢ ካርዱን ገልብጦ አሳየኝ። "ሠላሳ። ተሳስተሃል ወንድሜ።"

የማላነበውን አይቼ ራሴን ነቀነቅኩ። ከሰዉ ሳቅ ይልቅ ያ ነው ያቃጠለኝ።

በማግስቱ ቆጮ ሻጯ አለሚቱ፣ "እኔ ነኝ የሸጥኩላቸው፣ በአሥራ ሁለት" አለች። ካርዱ ላይ የጻፉት የአዲስ አበባን ዋጋ ኖሯል። ማን ይስማት፤ ሰዎቹ ሄደዋል። ስሜም "አሥራ ሁለት" ሆኖ ቀረ።

"አሥራ ሁለት፣ ይቺን ጆንያ አንሣ" ይሉኛል ሐጂ፣ "ወይስ ካርድ ላውጣልህ?"

የጎልማሶች ትምህርት የገባሁት እውቀት ናፍቆኝ አይደለም፤ በንዴት ነው። ንዴትም ያስተምራል።

አዲሱ ውድድር ዲላ ሲደርስ አንዲት አዘጋጅ ገበያ ድረስ መጣች።

"ጋሼ፣ አሁን ደንቡ ተቀይሯል። ዋጋው የየከተማው የዕለቱ ገበያ ነው፤ የሚያረጋግጠውም የገበያው ሰው። ወደ እርስዎ ላኩኝ።"

"ማን?"

"ሐጂ ሰይድ። 'እሱ አንድ ቀንም አልተሳሳተም፤ እኛ ነን የሳቅንበት' አሉ።"

ሽማግሌው ይህን ለእኔ አንድም ቀን ብለውኝ አያውቁም። የድሮውን ነገር አንድ በአንድ ነገርኳት። አልተከራከረችኝም። በውድድሩ ቀን መድረክ ላይ በሙሉ ስሜ ጠርታ፣ "ያኔ የተሳሳተው የእኛ ካርድ ነበር" አለች። የዕለቱን ካርዶች ሁሉ በገዛ እጄ ጻፍኳቸው፤ ጽሑፌ ጎርበጥ ይላል፣ ዋጋው ግን ቀጥ ያለ ነው። ይቅር አልኩ አልልም፤ ኮርቻለሁ፣ ይበቃኛል። ነገሩ ያለቀው ባለፈው ኅዳር 13 ቀን፣ ቅዳሜ ነው።