ሼፉና የምራታቸው ኤሊ

የክር ፋብሪካው ሠራተኞች «ሼፉ» ይሏቸዋል። ዕድሜያቸውን የጨረሱት በፋብሪካው ምግብ ቤት፣ ከትልልቅ ድስቶች ጀርባ ቆመው ነው። ሰው ሲከሳ አይወዱም። ቀጠን ያለ ወጣት ሰሐኑን ይዞ ከመጣ፣ «አንተ፣ ቤታችሁ እሳት አይነድም እንዴ?» ብለው አንድ ጭልፋ ይደርቡለታል። ሠራተኛው ይስቃል፤ እሳቸው ግን ከልባቸው ነው። ባለቤታቸው ሞተው ልጃቸው ቤት መኖር ሲጀምሩም ይህንኑ አመል ይዘው ነው የገቡት። ውለው ሳያድሩ ድስት እየከፈቱ፣ ጨው እየጨመሩ፣ ምራታቸውን ከገዛ ማዕድ ቤቷ ዳር አስያዟት።

ምራታቸው ዝምተኛ ናት። ከልጅነቷ ጀምሮ ያሳደገችው ኤሊ አላት፤ ቤቱን ተሸክሞ ስለሚዞር «ሻንጣ» ብላ ስም አውጥታለታለች። ስታገባም ከዕቃዋ ጋር ይዛው መጣች። ሻንጣ ቀኑን ሙሉ ጓሮ ውስጥ ፀሐይ እየሞቀ፣ ሣርና አረም ሲግጥ ይውላል።

አንድ እሑድ የምራታቸው እናት ሊጠይቁ መጡ። ምሳ ተበልቶ ሁሉም በረንዳ ላይ እንደተቀመጠ የሼፉ ዓይን ሻንጣ ላይ አረፈ።

«አንቺ ልጅ፣ ይሄ ፍጡር ምን በደለሽ?» አሉ። «ቤት ሙሉ ምግብ እያለ ሣር ታስግጪዋለሽ?»

«ምግቡ እሱ ነው፣ አባባ።»

«ለእኔ ነው ስለ ምግብ የምትነግሪኝ? እንኳን ኤሊው፣ ባልሽም አንቺ እጅ ከገባ ወዲህ ቀበቶው ሰፍቶታል!»

ልጃቸው ሳቀ። የምራታቸው እናት ፈገግ ለማለት ሞከሩና አቀርቅረው ቀሚሳቸውን ያስተካክሉ ጀመር። ምራታቸው ሰሐኖቹን ሰብስባ ወደ ውስጥ ገባች። ሼፉ ቀልዱ ስለያዘላቸው ደስ ብሏቸው ነበር።

ከማግስቱ ጀምሮ ሻንጣ የሼፉ ሆነ። በካርቶን አድርገው ሥራ ይወስዱትና ከምድጃው አጠገብ፣ ሙቀት በማያጣበት ጥግ ያስቀምጡታል። በወተት የራሰ ዳቦ፣ ሩዝ፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ የተፈጨ ሥጋ፣ ሙዝ፤ ያልቀረበለት የለም። እሱም አላሳፈራቸውም፣ የተሰጠውን ሁሉ ይሰለቅጠዋል። ሠራተኞቹ ደግሞ ከኬካቸው ይቆርሱለታል። አደገ። ጀርባው ላይ ጉብታ ጉብታ አወጣ።

«ጡንቻ ነው!» ይላሉ ሼፉ እየዳበሱት።

ምራታቸው አንድ ሁለቴ፣ «አባባ፣ ጀርባው ደህና ነው?» ብላ ነበር።

«ጥጋብ አይተሽ ስለማታውቂ ነው» አሏት።

ከዚያ ሻንጣ የኋላ እግሮቹን መጎተት ጀመረ። ቆይቶ ጭራሽ መነሣት አቃተው። ሼፉ ሊያነሡት ሲሉ ቅርፊቱ በጣታቸው ሥር እንደ ፕላስቲክ ክዳን ስርጉድ አለ። ልባቸውም አብሮ ስንጥቅ አለ። ለማንም አልተናገሩም። ቤት ሲገቡ ካርቶኑን አልጋቸው ሥር ከተው፣ «ተኝቷል፣ አትቀስቅሺው» ይላሉ። አንድ ጠዋት ምራታቸው አልጋ ስታነጥፍ ካርቶኑን ከፍታ ያለበትን ሁኔታ አየች። አልጮኸችም። ካርቶኑን አቅፋ ወጣችና፣ «አባባ፣ ጫማዎን ያድርጉ፤ ሐኪም ጋ እንሂድ» አለች።

የእንስሳት ሐኪሟ ሻንጣን ገልብጣ አየችው፣ ቅርፊቱን ጫን ጫን አደረገችው፣ አፉን ከፍታ ተመለከተች።

«ማነው የሚመግበው?»

ሼፉ የካርቶኑን ክዳን ማስተካከል ጀመሩ።

«እኛ ነን» አለች ምራታቸው፤ የሚበላውንም አንድ በአንድ ነገረቻት።

«ሥጋና እንቁላል አይሆነውም። ዳቦና ወተትማ ጭራሽ» አለች ሐኪሟ። «ይሄ ሣር በል ነው። ሣር፣ ቅጠል፣ የአረም አበባ ነው የሚያኖረው። ፍራፍሬም ቢሆን አልፎ አልፎ ቢቀምስ ነው። ለቅርፊቱ ካልሲየም ያስፈልገዋል፤ እሱም ያለ ፀሐይ አይሠራለትም። ቶሎ ወፈረ፣ አጥንቱ ግን ባዶውን ቀረ። ከዚህ በፊት ምን ነበር የሚበላው?»

«ሣር። ጓሮ ውስጥ» አለች ምራታቸው ቀስ ብላ።

«ታዲያ ምን አስቀየራችሁ?»

ሼፉ ግድግዳው ላይ የተለጠፈ የውሻ ፎቶ ላይ አፈጠጡ። መሬት ተከፍታ ብትውጣቸው በወደዱ።

«አላወቅንም ነበር» አለች ምራታቸው።

ታውቅ ነበር እኮ! ነግራቸውም ነበር። ከምትሰድባቸው ይልቅ ይህን ማለቷ ከበዳቸው። ታክሲ ውስጥ ካርቶኑንና ሐኪሟ የሰጠቻቸውን የካልሲየም ጠብታ ጭናቸው ላይ አድርገው ጉሮሯቸውን ደጋግመው ጠረጉ። በመጨረሻ የወጣቸው ግን፣ «ጠብታውን ጠዋት ጠዋት ነው ያለችን አይደል?» የሚል ነው።

«አዎ፣ አባባ።»

ልጃቸው ከሥራ ገብቶ «ምን ሆኖ ነው?» ሲል እሷው፣ «አሞት ነው» ብላ አለፈችው። ያን ጊዜም መናገር ይችሉ ነበር። አልተናገሩም። ምግብ አልፈልግም ብለው ገብተው ተኙ።

ሻንጣ በሣሩ፣ በፀሐዩና በጠብታው ቀስ እያለ ነፍስ ዘራ። እግሮቹ ጠኑ። ጉብታው ግን አይጠፋም፤ ሐኪሟም ይህን አልደበቀቻቸውም።

ከወራት በኋላ የምራታቸው እናት እንደገና መጡ። ሻንጣ በረንዳው ሥር ሲያልፍ አዩና ደነገጡ።

«ውይ ልጄ! ምን አድርገሽው ነው እንዲህ የጎባበጠው? እኔ ቤት እያለ ጀርባው ልሙጥ ነበር። እውነትም ማብላት አልሆንልሽ ብሏል መሰለኝ።»

ምራታቸው ሻንጣን አየች። ወደ ሼፉም አላየችም። ባለማየቷ ነው የባሰባቸው።

«እሷ አይደለችም» አሉ ሼፉ። ድምፃቸው የራሳቸው አልመስል አላቸው። «እኔ ነኝ። እሷ ደህና አድርጋ ይዛው ነበር፤ ቀምቼ አበላሸሁት። እርስዎ ፊት ያዋረድኳትም እኔ ነኝ። ሐኪም ፊት ደግሞ ጥፋቴን ስትሸከምልኝ ዝም አልኩ።»

ልጃቸው መሬት መሬት አየ፤ እሱም ስቆ ነበርና። እናትየው፣ «ኧረ ምን ችግር…» ብለው ጀመሩና ተዉት። ምራታቸው ተነሥታ ውሃ ቀዳችላቸው። ጠጡት። ከተናገርኩ ይቀለኛል ብለው ነበር፤ አልቀለላቸውም።

አሁን ጠዋት ሥራ ከመሄዳቸው በፊት አጥር ሥር አጎንብሰው ለሻንጣ አረም ይለቅማሉ። ቅመምን በጠረኑ የሚለዩት ሰውዬ አንዱን አረም ከሌላው መለየት አቅቷቸዋል። ነቅለው ምራታቸው ወደቆመችበት የማዕድ ቤት መስኮት ከፍ ያደርጉታል፤ ፊቷን ግን አያዩም።

«ይሄስ?»

«እሱ ይመርዘዋል፣ አባባ። ያኛው ነው፣ ቢጫ አበባ ያለው።»

የያዙትን ወዲያ ይጥሉና እጃቸውን ሱሪያቸው ላይ ጠርገው እንደገና ያጎነብሳሉ።