ደመቀች እና የሚሰለጥነው ደም

ደመቀች ከሙጃ ገበያ በግ እየገዛች ለላሊበላ ሆቴሎች የምታቀርብ ሴት ናት። ሰው አትወድም ይሏታል፤ ውሸት ነው። የማትወደው የማያውቀውን የሚያወራ ሰው ነው፤ እንዲህ ያለው ደግሞ አገሩን ሞልቶታል። አንድ የሆቴል ኃላፊ የበጉን ላት እንኳ ሳይዳብስ ስለ ጮማ ሊያስተምራት ቢሞክር፣ “ጌታዬ፣ እርስዎ በግ የሚያውቁት ከሹካ ጫፍ ነው” ብላ በጎቿን እየነዳች ጥላው ሄዳለች።

በሀብተ ሥላሴ ምላስ የተታለለችው እንግዲህ ይህችው ሴት ናት።

አንገቷ ሥር እብጠት ወጣባት። ሌሊት ላብ ያጠምቃት ጀመር፤ ቀሚሷ ሰፋባት። ደሴ ላይ ናሙና ተወስዶ ሊምፎማ የሚባል የደም ካንሰር መሆኑ ተነገራት፤ አዲስ አበባ ሄዳ ኬሞ እንድትጀምር ታዘዘ። ጓዟን ስትሸክፍ ሀብተ ሥላሴ ከተፍ አለ።

ሀብተ ሥላሴ አስጎብኚ ነው። እንግዳ ሲያገኝ ስለ ቤተ ጊዮርጊስ ያላነበበውን ያወራል፤ እንግዳ ሲያጣ ደግሞ ስለ ዓለሙ ሁሉ ያልተማረውን ያወራል። በዚያ ሰሞን ዋሻ ውስጥ ያለውን ይምርሐነ ክርስቶስን ያስጎበኛት አንዲት ፈረንጅ፣ ከደም ካንሰር በአዲስ ሕክምና መዳኗን መንገድ ላይ አጫውታው ነበር። ከዋሻው ደጅ ሳይመለስ ሐኪም ሆኖ አረፈው።

“እትዬ ደመቀች፣ ያን ኬሞ የሚሉትን መርዝ እንዳትነኪ!” አላት። “ወታደሮችሽ ደምሽ ውስጥ ናቸው። ፈረንጆቹ አውጥተው ያሰለጥኗቸዋል፤ መልሰው ሲከቷቸው ካንሰሩን እየለቀሙ ይገድሉታል። በኬሞ ካለቁ ግን ማን ሊሰለጥን ነው? እኔ ከሴትዮዋ ጋር እየተጻጻፍኩ ነው፤ ትንሽ ታገሺ።”

ደመቀች ፀጉሯ እንዳይረግፍ ፈርታ ነበር፤ ከዚያም በላይ ሰው እንዳያዝንላት። ስለዚህ አመነችው። ክረምቱን ሙሉ ጠበቀች። እሱ ፎቶዋን በስልኩ እያሳየ “የእኔ በሽተኛ” ይላታል፤ ከተማውም ለወሬኛ ሁሉ ማዕረግ መስጠት ይወዳልና “ዶክተር” አለው። ባሏ ፈንታው ገበሬ ነው፤ ብዙ ስለማይናገር እንደ ሞኝ ያዩታል። እሱን ማንም የጠየቀው የለም።

መስከረም ላይ ሙጃ ገበያ መሐል ትንፋሽ አጥሯት ወደቀች። እብጠቱ ደረቷ ውስጥም አድጎ የመተንፈሻ ቧንቧዋን ተጭኖት ኖሯል። ፈንታው አንስቶ መኪና ውስጥ አስገባት። ሀብተ ሥላሴ ይህን ሰምቶ ደወለ።

“ወዴት ነው የምትወስዳት? ዛሬ ልጽፍላቸው ነው እኮ!”

“ጻፍ” አለው ፈንታው፤ ስልኩንም ዘጋው።

አዲስ አበባ የተቀበለቻት ሐኪም ወጣት ናት። ደመቀች ስለሚሰለጥነው ደም ስትጠይቃት አልሳቀችባትም።

“ሕክምናው አለ” አለቻት። “ቲ ሴል የሚባሉትን ተከላካይ ህዋሳት ከበሽተኛው ደም ለይተው ያወጣሉ፤ ላቦራቶሪ ውስጥ ዘረመላቸውን ቀይረው ካንሰሩን አውቀው እንዲያጠቁ ያደርጓቸውና መልሰው ለባለቤቱ ይሰጣሉ። እኛ አገር ገና የለም። ቢኖርም በአብዛኛው የሚሰጠው ሌላ ሕክምና ላልሠራለት ወይም በሽታው ላገረሸበት ሰው ነው። እርስዎ የመጀመሪያውን ሕክምና፣ ኬሞውን፣ መቼ ሞከሩ? ለምን ይህን ያህል ቆዩ?”

ስንቱን ስትንቅ የኖረች ሴት፣ ያን ቀን የናቀችው ራሷን ነበር።

ኬሞው አሠቃያት፤ አስመለሳት፣ አፏን አቆሰለው፣ ፀጉሯን አረገፈው። እብጠቱ ግን እየሟሸሸ ሄደ። ሕክምናው ሲያልቅ በተደረገላት ምርመራ ካንሰሩ አልታየም።

ላሊበላ ስትመለስ ሀብተ ሥላሴ አንድ ሆቴል ግቢ ውስጥ ከአዲስ አበባ የመጡ እንግዶቹን ሰብስቦ ያወራል። “ይቺውላችሁ! በእኔ ምክር፣ በሰለጠነ ደም የዳነችው!” ብሎ ሊያቅፋት እጁን ዘረጋ።

ሻሿን ፈታ መላጣዋን አሳየችው።

“ይሄ የኬሞ ነው፤ አንተ መርዝ ያልከው። ሀብተ ሥላሴ፣ አንተ ሙክት ከጠቦት አትለይም፤ የእኔን ወታደር በየት በኩል ለየኸው? በአንተ ምላስ ክረምቱን ሙሉ ቁጭ ብዬ ሞትን ጠበቅሁት። አንተ እንደሆንክ ሰው ቢሞትም የምታወራው ካላጣህ ይበቃሃል።”

እንግዶቹ የአገሬው ቀልድ መስሏቸው አጨበጨቡ። ሀብተ ሥላሴም አብሯቸው አጨበጨበ። ለማፈር እንኳ ጥቂት ማወቅ ያስፈልጋል።

ዛሬም ዶክተር ይሉታል፤ አሁን የኩላሊት አዋቂ ሆኗል። ደመቀች በየጊዜው ለምርመራ አዲስ አበባ ትመላለሳለች። በሽታው ሊያገረሽ እንደሚችል ታውቃለች፤ ያን ጊዜ የህዋስ ሕክምናው ህንድ አገር እንደሚገኝ፣ እንደ እሷ ላለ ሰው ግን ከዋጋው የተነሳ ሩቅ እንደሆነ ሐኪሟ ሳትደብቅ ነግራታለች።

ባለፈው ጥር ከኮን ከተማ የመጣ አንድ ሰው የታመመች እህቱን ይዞ ላሊበላ በግ ተራው ጋ ቆመና፣ “የዶክተር ሀብተ ሥላሴ ቤት በየት ነው?” አላት።

“ምኗን ነው?”

“የደም ካንሰር ነው አሉን።”

“ሐኪም ምን አለ?”

“አዲስ አበባ ሂዱ አለ። እሱ ግን ሌላ መላ ያውቃል ሲሉ ሰምተን...”

ደመቀች በጎቿን ለፈንታው ትታ፣ ሰውየውን በጋቢው ጫፍ ይዛ ወደ መናኸሪያ ጎተተችው። እህቱ ከኋላ ትከተላለች።

“አንተ ደነዝ! ሐኪም የነገረህን ትተህ ወሬኛ ፍለጋ ትዞራለህ?” እያለች የአዲስ አበባው መኪና እስኪንቀሳቀስ ሰደበችው። እህቲቱን ግን አንድ ክፉ ቃል አልተናገረቻትም፤ ውኃ ገዝታ በመስኮት አቀበለቻት።