ስምንቱ አልበሞች

ባለፈው ቅዳሜ፣ በስደት በምንኖርበት ከተማ ጀፕ በሚባለው ገበያ ባለችው የእናቴ የቲሸርት ሱቅ ቁጭ ብዬ ነበር። የለበስኩት የምወደውን የድሮ የአሜሪካ ሮክ ባንድ ቲሸርት ነው። ስምንቱንም የስቱዲዮ አልበሞቻቸውን በቃሌ አውቃቸዋለሁ፤ ግን አፍሬ ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

አንድ ሽበታም ደንበኛ ቲሸርቴን አይቶ ሳቅ አለ። «የዘንድሮ ልጆች ትለብሳላችሁ እንጂ አትሰሙም። እስቲ አልበሞቻቸውን በተራ ጥሪልኝ፤» አለኝ በእንግሊዝኛ።

ዕድሜዬን ሙሉ የጠበቅሁት ጥያቄ ነበር። እኔ ግን አቀርቅሬ የታጠፈውን ቲሸርት እንደገና ማጠፍ ጀመርኩ።

«አላልኩም?» ብሎ ፊቱን ሲያዞር እንባዬ መጣ።

ይሄኔ ከመዝሙር በቀር ምንም የማትሰማው እናቴ ከካርቶኖቹ ኋላ ብቅ አለች። የአልበሞቹ ሽፋን የታተመባቸው ቲሸርቶች ከፋብሪካ የሚመጡላት በተራ ቁጥር ነው።

«አንደኛው ባቡሩ ነው፤ ሁለተኛው ጥቁሩ ፈረስ፤ ሦስተኛው ድልድዩ» እያለች ስምንቱንም አንድ ሳትስት ጠራችለት።

ሰውየው ኮፍያውን አወለቀ። «ይቅርታ፣ ማማ። ለመሆኑ እርስዎ ከሁሉም የሚያስበልጡት የትኛውን ነው?»

እናቴ የተደረደሩትን ቲሸርቶች በዓይኗ ቃኘች።

«ስድስተኛውን፤» አለችው። «ቢታጠብ ቀለም አይለቅም።»