ጢም የሌላቸው ድመቶች

ባየልኝን አልወደውም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ስለ እሱ የማወራውን የሚሰማ ሁሉ ሚዛኔን አውቆ እንዲሰማኝ ነው። ሽንፋ ከተማ ውስጥ ብሩሽ ይዤ ግድግዳ ፊት ከቆምሁ ሃያ ዓመት ሆነኝ። የሻይ ቤቱን ብርጭቆ፣ የጋራዡን ትራክተር፣ የሐጂ ሷሊህን የሰሊጥ መጋዘን አንበሳ የሣልሁት እኔ ፈረደ ነኝ። እሱ አንዲት ድመት ይዞ መጥቶ ከተማውን ወሰደብኝ።

የመጣው ከጎጃም ለሰሊጥ አጨዳ ነው፣ እንደ ሌላው ሁሉ ማጭዱን ይዞ። አጨዳው ሲያልቅ አብደራፊ ሄዶ ማሽላ መውቂያ ማሽን ላይ ተቀጠረ። እዚያ የማሽኑ ማዞሪያ ቀበቶ፣ ቺንጋው፣ የቀኝ እጁን ሦስት ጣቶች በላበት። ከሆስፒታል ሲወጣ ይዞ የወጣው የእጁን የራጅ ፊልም ብቻ ነበር። ሐጂ ሷሊህ አዝነውለት መጋዘን ጠባቂ አደረጉት። አይጥ ሰሊጡን ስትፈጀው እያየ፣ በግራ እጁ ምላጭ ጨብጦ፣ እዚያው ፊልም ላይ የተቀመጠች ድመት ቅርጽ መቁረጥ ጀመረ። ሦስት ወር ፈጀበት ይላሉ። እኔ በሦስት ወር መንደሩን ሙሉ እሥላለሁ።

ከዚያ ወዲያ ሥራ የሚባል ነገር የለበትም። ፊልሙን ግድግዳ ላይ ይለጥፋል፣ ስፖንጅ ቀለም ነክሮ ጠቅ ጠቅ ያደርግበታል፣ ድመት ወጣች። ቀይ ድመት፣ ሰማያዊ ድመት፣ ቢጫ ድመት፤ ሁሉም ያችው አንዷ። ጆንያ ላይ አተማት፣ ባጃጅ ጀርባ ላይ አተማት። የቀን ሠራተኞቹም ካናቴራቸው ላይ ሳያትምላቸው አገራቸው አይገቡም። ጢም እንኳ የላትም፤ ፊልሙ እንደ ጢም ቀጭን ነገር ሲቆረጥበት ይቀደዳል። በየሻይ ቤቱ "ጢም የሌላት ድመትማ አይጥ ናት" እያልሁ ስቄበታለሁ። አንድ ሰሞን ለጥናት የመጣ የከተማ ሰው ድመቶቹን ፎቶ አነሳና "ይሄ ፖፕ አርት ነው" አለ። ምን ማለት እንደሆነ የጠየቀው የለም። ባየልኝ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ አርቲስት ተባለ፤ እኔ እስካሁን ቀለም ቀቢው ነኝ።

ዘንድሮ ሐጂ አስጠሩኝ።

"ያ ዞል፣ አንተ ሰውዬ፣ አንበሳህ አርጅቷል። ግድግዳውን ነጭ ቀባልኝ፣ ባየልኝ ድመቶቹን ያትምበታል።"

"ሐጂ፣ አንበሳውን ላድስልዎት።"

"አንበሳ አይጥ አይዝም" አሉኝ።

አንበሳዬን በገዛ እጄ በኖራ አጠፋሁት። ዓይኑን መጨረሻ ላይ ነው የቀባሁት። የተናደድሁትም በሐጂ ሳይሆን በባየልኝ ነው።

ዓርብ ቀትር ላይ ሐጂና ሰዎቻቸው ለጁምዓ ሄዱ፣ ባየልኝም ምሳ ሊበላ ወጣ። ፊልሙ መጋዘኑ በር ላይ ሚስማር ላይ ተንጠልጥሎ ቀርቷል፣ ቀለሙም እዚያው ነው። ሙቀቱ ውሻ እንኳ ከጥላ አያስወጣም። ያሰብሁት ግልጽ ነበር፤ ድመቶቹን አጣምሜ፣ ዘቅዝቄ፣ ደራርቤ አትሜ ግድግዳውን ላበላሽና ሐጂ ሲመለሱ ያባርሩት። ፊልሙን ወደ ፀሐይ ሳነሳው የእጁ አጥንቶች ታዩኝ። የተሰባበሩት ጣቶች በድመቷ ጆሮ ዙሪያ ነበሩ። አይቼ እንዳላየሁ ሆንሁ።

ሃያ ያህል አተምሁ። ጨርሼ ልሄድ ስል ያ ጢም አልባ ፊታቸው አላስቻለኝም። ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ እንዲሉ፣ ከኪሴ ቀጭኗን ብሩሽ አውጥቼ ለእያንዳንዷ ስድስት ስድስት ጢም ሣልሁላት። ከዚያ ፊልሙን ቀዳድጄ ወንዝ ጣልሁትና ቤቴ ገብቼ ጩኸቱን መጠበቅ ጀመርሁ።

ጩኸት አልመጣም። ከመስጊድ የተመለሰው ሁሉ ግድግዳው ሥር ቆሞ ይስቃል። "ድመቶቹ ይገለባበጣሉ፣ ይላፋሉ" አሉ። ሐጂማ "ዛሬ ጢምም አወጡ፣ ባረከላህ" ብለው የባየልኝን ትከሻ መቱ። እሱ ግን፣ እንደ ነገሩኝ፣ ጢሞቹን አንድ በአንድ ሲያይ ቆይቶ ሄደ።

በማግስቱ ሱቄ መጣ። የተቀደደ ቢጫ ጀሪካን ጠፍጣፋ ጎን ቆርጦ ይዟል።

"ፊልሙ የት አለ?"

"ወንዝ ውስጥ" አልሁት። መዋሸት እችል ነበር።

ቀኝ እጁን አየ። "ከጣቶቼ የቀረኝ እሱ ነበር" አለኝ።

ጀሪካኑንና ምላጩን ጠረጴዛዬ ላይ ጣለልኝ። "ቁረጥ።"

"ለሐጂ ለምን አልነገርህም?"

"አንተ ከከተማው ብትባረር ማን ይቆርጥልኛል? ይቅር ያልሁህ እንዳይመስልህ። ቁረጥ።"

ቆረጥሁ። እሱን ሦስት ወር የፈጀበትን፣ አናቴ ላይ ቆሞ እያየኝ፣ እኔ ከአንድ ሰዓት ባልበለጠ ጊዜ ጨረስሁት። ያን ጊዜ ነው በራሴ ያፈርሁት። ጀሪካን እንደ ፊልም አይቀደድም፣ ጢም ቢቆረጥበትም ይችላል። ምላጩን ወደ ድመቷ አፍንጫ አስጠጋሁ።

ሁለት ጣት በቀረው እጁ አንጓዬን ተጫነኝ።

"ጢሙን ተወው" አለኝ። "የኔዋ ጢም የላትም።"

ተውሁት።