ዶሮ የሚያርድ ወንድ ፍለጋ

አምቦ ውስጥ ሆቴል ወጥ ቤት የተቀጠርኩ ቀን መጀመሪያ የታዘዝኩት ሽንኩርት መክተፍ እንዳይመስላችሁ። ዋናዋ ወጥ ሠሪ እትዬ ብዙነሽ ገና ሽርጤን ሳላስር፣ «ዘነቡ፣ ቶሎ በር ላይ ውጪና ወንድ ጥሪ!» አሉኝ።

«የትኛውን ወንድ?»

«ማንንም! ዶሮ የሚያርድልን ይሁን እንጂ።»

ሮጥኩ። አንድ የባጃጅ ሾፌር ለምኜ አመጣሁ። እናንተዬ! ቢላውን ሲጨብጥ እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ፊቱን አዙሮ ነው የሚቆርጠው። ዶሮዋ አንገቷ ግማሽ ተቆርጦ ግቢውን ዞረችው። እትዬ ብዙነሽ ግን «ተባረክ፣ የኔ ጌታ» ብለው መረቁት። በሴት እጅ የታረደ አይበላማ! እሳቸው ዶሮን በአሥራ ሁለት ብልት ዓይናቸውን ጨፍነው ይገነጥላሉ፤ ማረድ ግን የወንድ ነው።

ዓመታት እንዲህ ሄዱ። እኔም ዋና ወጥ ሠሪ ሆንኩ፤ ለሠርግ ከጉደር እስከ ጊንጪ ይጠሩኝ ጀመር። ቢላዬን ራሴ እስላለሁ፣ ወንድ ግን አሁንም እለምናለሁ።

ከዚያ ጊንጪ ላይ የአዴ ጫልቱ ወንድ ልጅ ሠርግ መጣ። አዴ ጫልቱ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ልጆቻቸውን ብቻቸውን ያሳደጉ ሴት ናቸው። የዶሮውን ወጥ ሙሉ በሙሉ ለኔ ሰጡኝ። ካማረልኝ ስሜ ይወጣል፤ ከተበላሸ ግን ሁለተኛ የሚጠራኝ የለም።

«አርጄላችሁ እሄዳለሁ» ያሉት የሙሽራው አጎት ኦቦ ቶሎሳ፣ መኪናው ጥሩንባ ሲነፋ ዘለው ገቡና ሙሽሪትን ሊያመጡ ከአጃቢው ጋር ወደ ካቺሲ በረሩ። ሰፈሩን አሰስን፤ ወንድ የተባለ ሁሉ አጅቦ ሄዷል። ቁሌቱ በስሎ ይንተከተካል፣ ዶሮዎቹ እግራቸው ታስሮ ይንጫጫሉ!

«ያ ዋቃዮ! ምን ይሻለናል?» አሉ ሴቶቹ።

ደሜ ፈላ። ቢላዬን አነሣሁ፣ በስመ አብ ብዬ አረድኩ። ሁሉንም! እጄ ንቅንቅ አላለም። አዴ ጫልቱ በር ላይ ቆመው አዩኝና የፈላ ውሃ አመጡልኝ። እንዴት ደስ እንዳለኝ ልነግራችሁ አልችልም።

ሙሽሮቹ ገቡ፣ ወጡ ቀረበ። ኦቦ ቶሎሳ ሊጎርሱ ሲሉ ሳያርዱ መሄዳቸው ትዝ አላቸው። «እንዴ! ዶሮውን ማን አረደው?»

«እኔ ነኝ» አልኩ።

«ሴት ያረደችውን ልታበሉን ነው?» ብለው ሳህኑን ገፉት። አጠገባቸው ያሉትም እጃቸውን ሰበሰቡ። አለቀልኝ፣ አልኩ።

አዴ ጫልቱ ከተቀመጡበት ተነሡ። «ቶሎሳ፣ ወንድምህ ከሞተ ወዲህ በየበዓሉ እዚህ ቤት ዶሮ ስትበላ ማን የሚያርደው ይመስልሃል?»

«ጎረቤት ነዋ!»

«እኔ ነኝ። ጓሮ ዞሬ፣ ሰው እንዳያየኝ ተደብቄ። ልጆቼም አንተም የበላችሁት እኔ ያረድኩትን ነው። ጣትህን ስትልስ አልነበረም እንዴ?»

ከድንኳኑ ወዲያ ጥግ አንዲት ሴት «እኔም አርጃለሁ!» አለች። ሌላዋም «እኔም!» ስትል እልልታው ቀለጠ። እኔ እያለቀስኩ እስቃለሁ። ሙሽራው እናቱን አየና ትልቅ ጉርሻ ጎረሰ። ኦቦ ቶሎሳ ሳህናቸውን ቀስ ብለው ጎተት አደረጉ። «እንግዲያው እንቁላል ጨምሩልኝ» አሉ።

ዛሬ ድግስ ስቀበል አስቀድሜ እናገራለሁ፤ የማርደው እኔ ነኝ፣ ያልፈለገ ሌላ ይጥራ። ዶሮ ለማረድ የተሳለ ቢላና የማይንቀጠቀጥ እጅ ይበቃል።