በር የሌላት ቤት

ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የሰው ግድግዳ ሲቀባ የኖረ ሰው ትከሻው የራሱ አይደለም። ይሄ ቀለም ቀቢም ጠዋት ጠዋት ሸሚዙን የሚለብሰው ሚስቱ እጅጌውን ይዛለት ነው።

«ዛሬ እንኳን ብትቀርስ?» ትለዋለች።

«ግድግዳውን ማን ሊቀባው ነው፣ አንቺ?» ብሏት ይወጣል። ቀልዱ ስላረጀ ማንንም አያስቅም።

የኔ የሚለው ነገር አንድ ብቻ ነበር። ምሳ ሰዓት ላይ በቀለም ካርቶን ጀርባ ሁልጊዜ ያንኑ ይሥላል፤ ጎባጣ ኮረብታ፣ ወደ ግራ የተጋደመ ዛፍ፣ ከሥሩ በር የሌላት ቤት። ጓደኞቹ «ሰዓሊው፣ ሰዎቹ በየት ይግቡ?» እያሉ ያሾፉበታል። እሱ ግን ከራሱ ጭንቅላት እንዳወጣው ያምናል። ማንም ሳያዘው የሠራው ነገር እሱ ብቻ ነዋ! በሩም የቀረው እናቱ ከሞተች ወዲህ ቤት ቤት አልሆንለት ስላለ ነው ብሎ ለራሱ ነግሮታል። ፎርማኑ፣ ቀለሙን ሦስት እጅ ሳይደራርብ ግድግዳ ትቶ ሄዶ የማያውቅ ሽማግሌ፣ ሥዕሉን አይቶ አንድም ቀን ትንፍሽ አላለም። «ተነስ፣ ቀለሙ ሊደርቅ ነው» ከማለት በቀር።

አንድ ቀን የአሮጌ ሆስፒታል ተራ መጠበቂያ ክፍል ነጭ እንዲቀቡ ታዘዙ። ልጅ እያለ እናቱ ስትታመም ብዙ ቀን እዚያ ክፍል እንደዋለ ያውቃል፤ ከመድኃኒቱ ሽታ ሌላ ግን የሚያስታውሰው የለም። የተላጠውን ቀለም በስፓቱላ ሲፍቅ ከሥር አረንጓዴ ብቅ አለ። ቢፍቀው ጎባጣ ኮረብታ ነው። ከጎኑ ዛፉ፣ ወደ ግራ ተጋድሞ። ከሥሩ ቤቷ። በር የላትም።

መሰላሉ ላይ ቁጭ አለ። አልተናደደም፤ ደከመው እንጂ። ያቺ አንዷም የሰው ሆና አረፈችው።

ፎርማኑ ከኋላው ቆሟል።

«ጋሼ፣ ይሄን ማን እንደሣለው ያውቃሉ?»

«እኔ ነኝ» አለ ሽማግሌው፣ ኮፍያውን እያወለቀ። «የዛሬ አርባ ዓመት።»

«ካርቶን ላይ ስሥል ያዩኝ ነበር እኮ! ምነው ዝም አሉኝ?»

«ሰው ሁሉ የረሳውን አንተ ይዘኸው ትዞራለህ። ከነገርኩህ የምትተወው መሰለኝ።»

«በሩስ?»

«ቀይ ቀለም አለቀብኝ። ነገ ይመጣል አሉኝ፤ በነጋታው ሌላ ሕንፃ ላኩኝ። ከወራት በኋላ ስመለስ ነጭ ለቅልቀውበታል።»

ለካ ቀለም አልቆ ነው! ቀለም ቀቢው ሊስቅ ቃጣውና ስፓቱላውን አስቀመጠ።

ግድግዳው እስከ ማታ ነጭ መሆን አለበት። እሱ ግን ወርዶ፣ ለውኃ ቧንቧው ከመጣው ቀይ ቀለም ትንሽ ቀድቶ ተመለሰና ቡሩሹን ለሽማግሌው ዘረጋለት። ሽማግሌው ክንዱን ማንሳት አቃተው። ቀለም ቀቢው፣ ሚስቱ ጠዋት እጅጌውን እንደምትይዝለት፣ ክርኑን ያዘለት፤ በሩን ሣሉት። እስኪደርቅ አግዳሚው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ።

ከዚያ ቀለም ቀቢው ሩሎውን ነጭ ቀለም ውስጥ ነከረው። ነጩ ከሳሳ ቀይ ሰርስሮት እንደሚወጣ ሁለቱም ያውቃሉ።

«ስንት እጅ እናልብሰው፣ ጋሼ?»

ሽማግሌው ኮፍያውን መልሶ አጠለቀ።

«አንድ እጅ ይበቃዋል።»