የሰው አፍ ማየት የተማርኩበት ክረምት

የሰው አፍ ማየት የተማርኩት በአርባ አንድ ዓመቴ ነው። እስከዚያ ድረስ ነውር ነበር። ልጅ ሆኜ መተማ ሳለን፣ እንግዳ እየበላ ዓይኔን ጣል ካደረግሁበት እናቴ ጭኔን ቆንጥጣ ወደ ውጭ ታስወጣኝ ነበር። የሚበላን ሰው አፍ የሚያይ ወይ ስስታም ነው፣ ወይ ዓይኑ ክፉ ነው ይባላል። ስለዚህ ለሰው ምግብ ሳቀርብ ፊቴን ማዞር ሳላስበው የማደርገው ነገር ሆኖ ቀረ። ይኸው ጨዋነቴ ሱዳን አገር፣ ገዳሪፍ ላይ ከነርስ ትምህርት ቤት ሊያስባርረኝ ምንም አልቀረው።

ትምህርቱ የአንድ ዓመት ነበር፤ ታማሚ ማጠብ፣ ቁስል መጥረግ፣ መድኃኒት መስጠት፣ የታየውን በካርድ ላይ መጻፍ። ከዚያ በፊት ባሱንዳ አካባቢ፣ ሰሊጥ እርሻ ላይ፣ ለአራሚዎች ወጥ እሠራ ነበር። እጁን ማጭድ የቆረጠው፣ እግሩን እሾህ የወጋው ሁሉ ወደ እኔ ማድቤት ይመጣል። ውሃ በጨው አፍልቼ አጥባለሁ፣ በንጹሕ ጨርቅ አስራለሁ። ለነርስ ትምህርቱ ሳመለክት ባሌ በዚህ ዕድሜሽ ደብተር ልትሸከሚ ነው ብሎ ሳቀብኝ። ሲስቅብኝ ደግሞ አልወድም። በማግስቱ ተመዘገብኩ።

ክፍል ውስጥ ሁሉም የልጄ እኩያ ናቸው። በሱዳን ወግ ትልቅ ሴት «ሐጃ» ስለምትባል እኔንም ሐጃ አሉኝ። አንገቴ ላይ ማተብ እያያችሁ የምን ሐጅ ነው ብዬ መጀመሪያ ላይ ተቆጣሁ። ሳቁብኝ፣ ስሙም ጸደቀ። ዛሬ አንዷ መንገድ ላይ «ሐጃ!» ብላ ብትጠራኝ እንባዬ የሚመጣ ይመስለኛል። የገዳሪፍ ጭቃ እንኳ ይናፍቀኛል። ክረምት ሲገባ ጥቁሩ አፈር ጫማ ያወልቃል፤ ነጩን የደንብ ልብሴን እስከ ጉልበቴ ሰብስቤ፣ ጫማዬን በፌስታል ይዤ፣ በባዶ እግሬ ትምህርት ቤቱ በር ድረስ እሄድ ነበር። በር ላይ እግሬን ታጥቤ ጫማዬን አደርግና እንደ ማንኛዋም ተማሪ ቀጥ ብዬ እገባለሁ።

አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ ኡም ጋርጉር የስደተኞች መጠለያ ተወልዳ ያደገች ነበረች። ትግርኛ፣ ዐረብኛና አማርኛ እየቀላቀለች ታወራለች፤ እኔን በሱዳኖች አጠራር «ኻልቶ»፣ አክስቴ፣ ትለኛለች። የእኔ ዐረብኛ የገበያ ነው፤ ፊደሉን ቆጥሬ እስክጨርስ ደወል ይደወላል። እሷ ታነብልኛለች፤ እኔ ደግሞ ከባድ ታማሚ ወገብን ሳይጎዱ እንዴት እንደሚገለበጥ አሳያታለሁ። መምህራችን፣ ሲስተር የምንላት ረጅም ሱዳናዊት፣ እንዲህ ተደጋግፈን ስታየን አትቆጣም ነበር።

የተግባር ፈተናው የመጣው ክረምት ላይ፣ ፍልሰታ በገባ በአራተኛው ቀን ነው። የተመደቡልኝ ታማሚ ከጎንደር በኩል ለአረም የመጡ ሽማግሌ ነበሩ። መኮትኮቻ እግራቸውን መትቷቸው ቁስሉ አመርቅዟል። ከፈተናው በፊት በነበሩት ሦስት ጠዋቶችም ክኒናቸውን የሰጠኋቸው እኔው ነኝ፤ ሦስት ጊዜ በካርዳቸው ላይ «ወሰደ» ብዬ ጽፌያለሁ። ቁስሉ ግን አልቀነሰም፣ ለምን እንደሆነም ማንም አላወቀም። በፈተናው ጠዋት ክኒኑንና ውሃውን አቀረብኩ። ሽማግሌው በጋቢያቸው አፋቸውን ከለል አደረጉ፤ እኔም እንዳደግሁት ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። ብርጭቆውን ሲመልሱልኝ ብዕሬን አነሳሁ።

«ሲውጡ አየሽ?» አለች ሲስተር።

«ወስደዋል።»

«እሱን አልጠየቅኩሽም።»

ከዚያ ሽማግሌውን ፈቃድ ጠይቃ የጋቢያቸውን ጫፍ ያዘች። ተቋጥሯል። ስትፈታው አራት ክኒን ወጣ። ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሲስተር አራቱንም መዳፌ ላይ አስቀመጠችልኝ፣ ድምጿንም ከፍ አላደረገችም። ያላየሁትን እንዳየሁ አድርጌ እንደጻፍኩ፣ እኚህ ሰው እግራቸውን ቢያጡ ካርዱ ላይ ያለው የእጅ ጽሕፈቴ እንደሚመሰክርብኝ ነገረችኝ። እስከዚያ መድኃኒታቸው በመርፌ ይሰጣቸዋል፤ ሳምንት ቆይቼ በኚሁ ታማሚ ላይ በክኒኑ ድጋሚ እፈተናለሁ። ከወደቅሁ ዓመቱ በሙሉ ከንቱ ነው።

ግቢ ውስጥ ዚር ከሚሉት የውሃ ጋን ኋላ ተቀምጬ አለቀስኩ። መጀመሪያ በሲስተር ተናደድኩ። ቀጥሎ በሽማግሌው። በራሴ ለመናደድ እስከ ከሰዓት በኋላ ፈጀብኝ፤ ከዚያ ወዲያ ግን ክኒኖቹ ከዓይኔ ጠፍተው አያውቁም። አስተማርኩ፣ ተማርኩ ብዬ የኮራሁት ሴትዮ ሽማግሌውን ሦስት ቀን ያለ መድኃኒት አሳድሬያቸዋለሁ።

ያቺ የኡም ጋርጉር ልጅ አልተወችኝም። በእረፍት ሰዓት ፉል ገዝታ ፊት ለፊቴ ትቀመጥና «ኻልቶ፣ አፌን እይኝ» ትለኛለች። አንድ ጉርሻ ትጎርሳለች፤ ዓይኔ ወደ ጣራው ይሄዳል። ጠረጴዛውን በማንኪያ ትመታለች። እንደገና። ስትውጥ አፏን በሰፊው ከፍታ ምላሷን ታነሳልኛለች። ፊቴ በእፍረት ይግላል፤ እሷ በሳቅ ትፈርሳለች። በአራተኛው ቀን እስክትውጥ ድረስ አየኋት። ደስ ብሏት የተረፈውን ፉል ሰጠችኝና በተራዋ እኔ ስበላ አፌን አፍጥጣ አየችኝ። ምግቡ አልወርድ ብሎኝ ነበር፤ ታማሚ መሆን ምን እንደሚመስል ያን ቀን ትንሽ ገባኝ።

ሽማግሌውንም ሄጄ ጠየቅኋቸው። ቀድሞ የጠየቃቸው ሰው አልነበረም። ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ውሃም አልቀምስም አሉኝ። ብርጭቆውን ከንፈራቸውን አስነክተው ይመልሱታል፤ ክኒኑን ወደ ማታ እወስደዋለሁ ብለው ይቋጥሩታል፣ ማታ ደግሞ ይረሱታል። ለታመመ ሰው ይፈቀዳል አልኳቸው። የሚፈቅዱት ንስሐ አባቴ ናቸው፣ እሳቸው ደግሞ ጎንደር ናቸው አሉኝ። ቀጥለውም፣ «ልጄ፣ አገሬም ቤቴም እዚያ ቀርቷል። እዚህ ይዤው የመጣሁት ጾሙን ብቻ ነው» አሉ። እኔም እኮ ከመተማ ይዤው የመጣሁት ፊት ማዞሬን ነበር።

ወደ ሲስተር ሄድኩና ሰዓቱ ይለወጥላቸው አልኳት። እስካሁን ለምን አልነገሩንም ብላ ተገረመች፤ በረመዳን ለራሳችን ሰው ሰዓት እናዛውር የለም እንዴ አለች። ሐኪሙን አስፈቅዳ ክኒኑን ወደ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል አዞረችው። ፈተናዬም አብሮ ዞረ።

በሳምንቱ፣ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ፣ ሲስተርና ሌላ ፈታኝ ከአልጋው ግርጌ ቆሙ። ሽማግሌው ጾማቸውን ፈትተዋል። እጄን ታጠብኩ፣ ካርዱን አመሳከርኩ፣ ክኒኑን በትንሿ ኩባያ አቀረብኩ። እሳቸውም እንደ ልማዳቸው ጋቢያቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አደረጉ፣ ፊቴን እስካዞር ጠበቁኝ። አላዞርኩም። ጆሮዬ ድረስ ጋለኝ። እናቴ ከኋላዬ ቆማ ልትቆነጥጠኝ የደረሰች መሰለኝ።

«አባቴ፣ ጋቢውን ዝቅ ያድርጉልኝ። ሲውጡ ማየት አለብኝ» አልኳቸው።

«አፌን?»

«አዎ። ይቅር ይበሉኝ።»

ሲስተር አማርኛ ባትሰማም የተጠየቀው ነገር ቀላል እንዳልሆነ ገብቷት ነበር መሰለኝ፣ አላጣደፈችኝም። እምቢ ቢሉ ምን እንደማደርግ አላውቅም ነበር። ከዚያ ጋቢውን ጉልበታቸው ላይ አወረዱት። ክኒኑን ጎረሱ፣ ውሃውን ጠጡ፣ ጉሮሯቸው ወጣ ብሎ ሲመለስ አየሁ። ሳልጠይቃቸው አፋቸውን ከፍተው ምላሳቸውን አነሱልኝ። ታች ሁለት ጥርስ ቀርተዋቸዋል። ባዶ ነበር።

«ስውጥ የምታየኝ እናቴ ነበረች» አሉ። «እሷ ከሞተች ወዲህ ያየኝ ሰው የለም።»

እናቴ፣ እንግዳ ሲበላ እንዳላይ ትቆነጥጠኝ የነበረችው ሴት፣ ታምሜ ስተኛ ማንኪያውን ይዛ እስክውጥ ድረስ ዓይኗን ከአፌ አትነቅልም ነበር። ይህን አርባ አንድ ዓመት ሙሉ አብሬው ኖሬ አላሰብኩትም። ሲስተር በእጇ ካርዱን ስታመለክተኝ ነው የነቃሁት። ብዕሬን አንስቼ፣ በዚያ በተወላገደ የዐረብኛ ጽሕፈቴ «ወሰደ» ብዬ ጻፍኩ። ያን ቃል ሦስት ጊዜ ጽፌው ነበር፤ እውነት የሆነው በዚያ ቀን ነው።